የኬሚስትሪ ቃላትን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም፦ መጀመሪያ ኬሚካሉን መለየት

ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ በኬሚስትሪ ቃላታቸው እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። ጊቶን ደ ሞርቮ፣ ላቯዚዬ፣ ቤርቶሌና ፉርክሯ በ1787 በፓሪስ ያሳተሙት የኬሚካል ስያሜ ሥርዓት ብዙም ሳይቆይ ወደ እንግሊዝኛ ስለገባ፣ አብዛኞቹ የውህዶች ስሞች በሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸው ዛሬም በግልጽ ይታያል። ተርጓሚውን የሚያሰናክለውም ይኸው ቅርበት ነው። ፈጽሞ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ የሚያውቀው የመሰለው ቃል ሲገጥመው ግን ቅጥያውን ብቻ ቀይሮ ያልፋል፤ በዚህም ምክንያት አንዱ ኬሚካል በሌላው ይተካል፣ መጠን ይዛባል፣ የአደጋ ማስጠንቀቂያም ትርጉሙን ያጣል።

ይህ መመሪያ ሁለቱንም ቋንቋዎች ለሚያነቡ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ ነው። በሞንትሪያል፣ በብራሰልስ ወይም በጄኔቭ በትርጉም ሥራ ለሚተዳደሩም ሆነ በአዲስ አበባ በፈረንሳይኛ ተምረው በእንግሊዝኛ ለሚሠሩ ይጠቅማል። ጉዳዩ ከአገራችን ሥራም የራቀ አይደለም፤ ጅቡቲ ፈረንሳይኛን ከዓረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አድርጋ ስትጠቀም፣ በኢትዮጵያ ደግሞ የኬሚስትሪ ትምህርት ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ በወደቡ በኩል የሚገባ የኬሚካል ዕቃ የፈረንሳይኛ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ወረቀቱን ለላቦራቶሪው ባለሙያ ወደ እንግሊዝኛ የሚያዞርለት ሰው ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ሊያዝ የሚገባው ደንብ አንድ ነው። ከፈረንሳይኛው ስም በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛው ስም አይሂዱ። መጀመሪያ ከፈረንሳይኛው ስም ተነሥተው ኬሚካሉ ምን እንደሆነ በቀመሩ ወይም በመለያ ቁጥሩ ይለዩ፤ ከዚያም ያንን ኬሚካል እንግሊዝኛ ተናጋሪው ኬሚስት ምን ብሎ እንደሚጠራው ይፈልጉ። መንገዱ የረዘመ ቢመስልም ከዚህ በታች የሚቀርቡት ወጥመዶች ሁሉ የሚታለፉት በዚህ ብቻ ነው።

የአዞት ቤተሰብ

ደንቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ከማንም በላይ የሚያሳየው ፈረንሳዮች አዞት የሚሉት ጋዝ ነው። ስሙ ሕይወት አልባ የሚል መነሻ ካላቸው የግሪክ ቃላት የተወሰደ ሲሆን፣ እንግሊዝኛው በ1790 ሻፕታል የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት ያቀረበውን ሌላ ስም ተከትሎ ናይትሮጅን ይለዋል። አዞትን ናይትሮጅን ብሎ መተርጎም ማንንም አይቸግርም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ስም በሚወለዱት ቃላት ላይ ነው።

ፈረንሳይኛው አዞቱር ሲል በዛሬው አጠቃቀም እንግሊዝኛው አዛይድ የሚለውን፣ ማለትም ሦስት የናይትሮጅን አቶሞች የተያያዙበትን ቡድን ማለቱ ነው። ኒትሩር ሲል ግን ናይትራይድ ማለቱ ነው። «አዞት ናይትሮጅን ከሆነ አዞቱር ናይትራይድ ነው» ብሎ የሚያስብ ተርጓሚ አመክንዮው የተስተካከለ ይመስላል፤ ነገር ግን አዞቱር ደ ሶዲዮምን ሶዲየም ናይትራይድ ብሎ ቢጽፍ፣ እጅግ መርዛማ የሆነውንና ከእርሳስ ወይም ከመዳብ የፍሳሽ ቧንቧ ጋር ሲገናኝ ሊፈነዱ የሚችሉ ውህዶችን የሚፈጥረውን ሶዲየም አዛይድን ከአንባቢው ሰውሮታል ማለት ነው። ባለሙያው ማስጠንቀቂያ የሚፈልገው በትክክለኛው ስም ነው፤ ስሙ ከተሳሳተ ማስጠንቀቂያውንም አያገኘውም።

የቆዩ ጽሑፎችና የቆዩ የመድኃኒት ቤት ጠርሙሶች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። በእነዚህ ላይ አሲድ አዞቲክ የሚለው ናይትሪክ አሲድ ነው፤ አዞታት ናይትሬት፣ አዞቲት ናይትራይት ነው፤ አዞታት ዳርዣን የሚለው ጽሑፍ ሲልቨር ናይትሬት መሆኑ ነው። አሲድ አዞቲድሪክ ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም፤ ከላይ ካየነው ከአዛይድ ወገን ሆኖ በእንግሊዝኛ ሃይድራዞይክ አሲድ ይባላል። ከሁሉ የከፋው ቢዮክሲድ ዳዞት ነው። የዛሬው አንባቢ ቢ የሚለውን ሁለት ብሎ ፈትቶ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይኛ ግን ይህ ስም የተሰጠው አንድ ናይትሮጅንና አንድ ኦክስጅን ላለው ጋዝ ነበር፤ ይህም እንግሊዝኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚለው ነው። በዘመኑ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከሚጠራባቸው ስሞች አንዱ ፔሮክሲድ ዳዞት ነበር። ፕሮቶክሲድ ዳዞት ደግሞ ዛሬም በፈረንሳይ ሐኪም ቤቶች የሚነገር ስም ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ በተለምዶም የሚያስቅ ጋዝ የሚባለው ማደንዘዣ ነው።

ሱድና ሌሎች የተለመዱ ስሞች

ሱድ የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ብቻውን ሲመጣ፣ በተለይ በቤተ ሙከራ ጽሑፍ ውስጥ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ሶዳ ግን ለብቻው ሲነገር ይህን ትርጉም አይሰጥም፤ ለአንዱ አንባቢ ለስላሳ መጠጥ፣ ለሌላው የልብስ ማጠቢያ፣ ለሦስተኛው የዳቦ መጋገሪያ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ሱድ በሚለው ቃል ምትክ እንግሊዝኛው ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚለው ሙሉ ስም ይጻፍ፤ ጽሑፉ የኢንዱስትሪ ከሆነ ኮስቲክ ሶዳ ማለትም ይቻላል።

ከቃሉ ጋር የሚመጣው ገላጭ ኬሚካሉን ራሱን እንደሚቀይርም ማስተዋል ያሻል። ክሪስቶ ደ ሱድ ሶዲየም ካርቦኔት ነው፤ ቢካርቦናት ደ ሱድ የምግቡ ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፤ ሱድ ሶልቬ የቤልጂጉ ኬሚስት ኤርነስት ሶልቬ ባወጣው ዘዴ የሚመረተው ሶዳ አሽ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ሌሲቭ የሚለው ቃል በቤት ውስጥ የልብስ ሳሙናን ያመለክታል፤ ሌሲቭ ደ ሱድ ግን በውሃ የተሟሟ ጠንካራ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሆነ፣ ከማጠቢያ ጋር የሚያያዝ ቃል በትርጉሙ ውስጥ ከገባ ቆዳ የሚያቃጥል ፈሳሽ ጉዳት የሌለው ይመስላል። ፖታስ በቤተ ሙከራ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ በማዳበሪያ ሰነድ ላይ ግን እንግሊዝኛው ፖታሽ የሚለው ሲሆን፣ መጠኑም በፖታሲየም ኦክሳይድ ተሰልቶ ይገለጻል። ሾ ቪቭ ያልጠፋ ኖራ፣ ሾ ኤተንት የጠፋ ኖራ ነው፤ እንግሊዝኛው በቅደም ተከተል ክዊክላይምና ስሌክድ ላይም ይላቸዋል።

ኤሳንስ የሚለው ቃል በነዳጅ ማደያ ቤንዚን ነው፤ እንግሊዝኛው በብሪታኒያ ፔትሮል፣ በአሜሪካ ጋሶሊን ይለዋል። የፈረንሳይኛው ፔትሮል ግን ድፍድፍ ነዳጅ ስለሆነ ሁለቱን ቃላት ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው። ኤሳንስ ደ ላቫንድ ከተባለ ከላቬንደር አበባ የሚወጣው ዘይት ነው፤ ኤሳንስ ደ ቴሬባንቲን ተርፐንታይን ነው፤ በቆዩ የሽቶና የሳሙና ጽሑፎች የሚገኘው ኤሳንስ ደ ሚርባን ደግሞ ጥሩ ሽታ ያለው ዘይት ይምሰል እንጂ መርዛማው ናይትሮቤንዚን ነው። ዊል ደ ፓራፊን ለብሪታኒያ አንባቢ ሊኩዊድ ፓራፊን፣ ለአሜሪካ አንባቢ ሚነራል ኦይል ይሆናል፤ በብሪታኒያ ፓራፊን ብቻ ብሎ መጻፍ ግን ላምባ ማለት ስለሆነ ፈጽሞ አይቻልም። ከዚህም ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ጽሑፉ ለየትኛው አገር አንባቢ እንደሚሄድ መጠየቅ እንደሚገባ ይረዳሉ።

ደንቡን በሚከተለው የስያሜ ክፍል ላይ ብዙ መዘግየት አያስፈልግም። ፈረንሳይኛው ክሎሩር ደ ሶዲዮም ብሎ ከኋላ ያስቀመጠውን እንግሊዝኛው ወደ ፊት አምጥቶ ሶዲየም ክሎራይድ ይላል፤ በዩር የሚያበቃው በአይድ፣ በኢክ የሚያበቃው አሲድ በኢክ፣ በኡ የሚያበቃው ደግሞ በአስ ይተካል፤ አሲድ ክሎሪድሪክ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። ከዚህ ሥርዓት የሚወጡትን ግን ለይቶ መያዝ ይገባል። ሱልፉር ደ ካርቦን ካርቦን ዳይሰልፋይድ ነው፤ ኦክሲድ ደ ካርቦን መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ጋዝ ካርቦኒክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አኒድሪድ ሱልፉሩ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ አኒድሪድ ሱልፉሪክ ሰልፈር ትራይኦክሳይድ ነው። ሲሊስዮም የሚለው ንጥረ ነገር ሲሊከን እንጂ ሲሊኮን አይደለም፤ በእንግሊዝኛ በመጨረሻው አንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩት እነዚህ ቃላት አንዱ የኤሌክትሮኒክስ መሥሪያ ንጥረ ነገር፣ ሌላው ጎማ መሰል ውህድ ናቸው።

የቤተ ሙከራ ቋንቋ

የሥራ መመሪያ በሚተረጎምበት ጊዜ ከኬሚካሎቹ ስም ይልቅ የሚያስቸግሩት ግሦቹና የዕቃዎቹ ስሞች ናቸው። በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች በእጅጉ የተለመደውን የኮምጣጤ አሲድ ልኬት እንመልከት። መመሪያው ኮምጣጤው በ100 ሚሊ ሊትር ፊዮል ዦዤ ውስጥ በውሃ ይቅጠን ካለ በኋላ፣ 20 ሚሊ ሊትሩ በፒፔት ዦዤ ተወስዶ በቤሼር ውስጥ እንዲገባ፣ ፌኖልፍታሌይን ከተባለው ቀለም ቀያሪ አመልካች ጥቂት ጠብታ እንዲጨመርበት ያዛል፤ ከዚያም «ዶዜ ፓር ላ ሱድ ዥስኮ ቪራዥ» ይላል።

ቃል በቃል የሄደ ተርጓሚ ይህን የመጨረሻ ሐረግ ሶዳውን እስኪዞር ድረስ በመጠን ስጥ የሚል ትርጉም የለሽ ትእዛዝ ያደርገዋል። ኬሚስቱ የሚረዳው ግን እንዲህ ነው፤ ዶዜ ማለት እዚህ ላይ ታይትሬት ማድረግ፣ ማለትም ሙሙቱን ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ መጠን መለካት፣ ሱድ ማለት የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት፣ ቪራዥ ማለት አመልካቹ ቀለሙን የሚቀይርበት ነጥብ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው አመልካቹ ቀለሙን እስኪቀይር ድረስ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት ታይትሬት ይደረግ የሚል ይሆናል። ፊዮል ዦዤ ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ፣ ፒፔት ዦዤ ቮልዩሜትሪክ ፒፔት፣ ቤሼር ቢከር ነው። ፈረንሳይኛው ትእዛዙን በንዑስ አንቀጽ ግሥ፣ ማለትም ማፍሰስ፣ መጨመር፣ ማሞቅ እያለ እንደሚጽፍም ያስተውሉ፤ እንግሊዝኛው በሥራ መመሪያ ላይ ትእዛዝ አንቀጽን፣ በምርምር ጽሑፍ ላይ ደግሞ ያለፈ ጊዜ ተደራጊ ግሥን ይመርጣል።

ዶዛዥ የሚለው ስም ለብቻው ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ የእንግሊዝኛው ዶሴጅ ለበሽተኛ የሚሰጥ የመድኃኒት መጠን ብቻ ስለሆነ በኬሚስትሪ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የለውም። ፈረንሳይኛው ዶዛዥ ሲል በአንድ ናሙና ውስጥ ያለን ነገር መጠን ማወቅን በሙሉ ያጠቃልላል። ዘዴው ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ ከሆነ ታይትሬሽን ይባል፤ የቀለም መጠንን ከታወቁ ናሙናዎች ጋር በማነጻጸር ከሆነ ዲተርሚኔሽን ይባል፤ የደም ወይም የመድኃኒት ምርመራ ከሆነ አሴይ የሚለው ይስማማል። ዶዛዥ በሲሚንቶ ጽሑፍ ውስጥ ከመጣ ደግሞ የድብልቁ መጠን ማለት ነው። አራቱን ሁሉ በአንድ ቃል የሚተካ ተርጓሚ ሦስቱን ያበላሻል።

ከዕቃዎቹ መካከል ባሎን ፊኛ ሳይሆን ራውንድ ቦተም ፍላስክ፣ ኤፕሩቬት ግራዱዌ ሜዠሪንግ ሲሊንደር፣ አምፑል አ ዴካንቴ ሴፓሬቲንግ ፈነል፣ ሬፍሪዤራን ማቀዝቀዣ ሣጥን ሳይሆን ኮንደንሰር ነው። ኤቱቭ ማድረቂያ ምድጃ፣ ፉር ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት የሚሠራው ፈርነስ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ማድረግ የሙቀቱን መጠን ያሳስታል። ኦት የሚለውን አሜሪካ ፊዩም ሁድ፣ ብሪታኒያ ፊዩም ከበርድ ይለዋል። ኤሶሬ የሚለው ግሥ ለልብስ ሲሆን መጭመቅ ነው፤ በቤተ ሙከራ ግን ዝቃጩን አየር በሚስብ ማጣሪያ ላይ ማጣራትና ፈሳሹን መምጠጥ ማለት ነው። ኤሊያንቲን የተባለውን አመልካች በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ በዚህ ስም የሚፈልግ ሰው አይቀናውም፤ እንግሊዝኛው ሜቲል ኦሬንጅ ይለዋልና። ሕጎችም እንደ አገሩ ስም ይለውጣሉ፤ ፈረንሳዮች የማርዮት ሕግ የሚሉት የጋዝ ሕግ በእንግሊዝኛ የቦይል ሕግ ነው።

በምሕጻረ ቃላቱ ላይም እንዲሁ ነው። ፈረንሳይኛው ኤር ኤም ኤን የሚለው የእንግሊዝኛው ኤን ኤም አር ነው፤ ሴ ሴ ኤም በእንግሊዝኛ ቲ ኤል ሲ የሚባለው በቀጭን ንጣፍ ላይ የሚካሄድ ክሮማቶግራፊ ነው፤ በፍሳሽ ውሃ ምርመራ ላይ ዴ ቤ ኦ የሚለው፣ ማለትም ረቂቅ ሕዋሳት በውሃው ውስጥ የሚፈጁት የኦክስጅን መጠን፣ በእንግሊዝኛ ቢ ኦ ዲ ይሆናል። ምሕጻረ ቃል መቼም ሳይፈታ አይተርጎም፤ መጀመሪያ በፈረንሳይኛው ሙሉ ቃሉ ይጻፍ፣ ሙሉ ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ይዙር፣ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛው ምሕጻረ ቃል ይጻፍ።

ኬሚስትሪ ያልሆኑ የሚመስሉ ትንንሽ ቃላትም ሥራን ያበላሻሉ። ኤቫንቱዌልማን የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ካስፈለገ ማለት ነው፤ የእንግሊዝኛው ኢቨንቿሊ ግን በመጨረሻ ማለት ነው። መመሪያው ካስፈለገ አሙቅ ያለውን በመጨረሻ አሙቅ ብሎ የተረጎመ ሰው፣ መሞቅ የሌለበትን ነገር ሊያስሞቅ ይችላል። ሳንሲብልማን በፈረንሳይኛ ሳይንሳዊ ጽሑፍ በግምት ወይም ከሞላ ጎደል ማለት ነው እንጂ በማስተዋል ማለት አይደለም። ኮንትሮሌ ማረጋገጥና መፈተሽ ነው፤ ኤክሳ አምፖርታን ደግሞ አስፈላጊ ትርፍ ሳይሆን ብዙ ትርፍ ነው።

መጠንና ቁጥር

ዳንሲቴ የሚለው ቃል የእንግሊዝኛው ደንሲቲ ወንድም ይመስላል። በፈረንሳይኛ ሳይንስ ግን ዳንሲቴ አሃድ የሌለው ንጽጽር ነው፤ ለፈሳሽና ለጠጣር ከውሃ ጋር፣ ለጋዝ ከአየር ጋር ይነጻጸራል። የእንግሊዝኛው ደንሲቲ፣ ማለትም የአንድ ይዘት መጠነ ቁስ፣ በፈረንሳይኛ ማስ ቮሉሚክ ነው። ስለዚህ ዳንሲቴ ሪላቲቭ ደንሲቲ ወይም በኢንዱስትሪ ጽሑፍ ስፔሲፊክ ግራቪቲ ይባል። ለፈሳሽ ሲሆን ቁጥሩ በግራም በኩብ ሴንቲ ሜትር ከሚለካው ጋር ስለሚቀራረብ ስሕተቱ ተደብቆ ሊያልፍ ይችላል፤ በጋዝ ላይ ግን አይደበቅም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ዳንሲቴ 1.52 ነው፤ ይህም ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል ማለት ነው። ተርጓሚው ደንሲቲ ብሎ ግራም በኩብ ሴንቲ ሜትር ከጨመረበት ግን ጋዙን ከውሃ ያከበደ ይሆናል፤ በዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስና በአንድ አትሞስፊር ግፊት አንድ ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመዝነው ወደ 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው።

ዲግሪ የሚለውን ምልክት ሲያዩም ሙቀት ነው ብለው አይለፉ። ቦሜ የፈሳሽ እፍጋት መለኪያ ስለሆነ፣ 66 ዲግሪ ቦሜ የተባለ ሰልፈሪክ አሲድ አንጻራዊ እፍጋቱ 1.84 ገደማ የሆነ ጠንካራ አሲድ ነው። በቆዩ የኦ ደ ዣቬል፣ ማለትም የበረኪና፣ ጠርሙሶች ላይ የሚታየው የክሎሮሜትሪ ዲግሪ በአንድ ሊትር ውስጥ 3.17 ግራም ንቁ ክሎሪንን ያመለክታል፤ ስለዚህ 12 ዲግሪ ማለት በሊትር 38 ግራም ገደማ ነው። በውሃ ምርመራ ላይ ቴ አሽ የሚለው ምሕጻረ ቃል የውሃው ጥንካሬ ሲሆን፣ አንዱ የፈረንሳይ ዲግሪ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ 10 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል፤ የጀርመኑ ዲግሪ 17.8፣ የእንግሊዙ ደግሞ 14.3 ስለሆነ ዲግሪ ብቻ ብሎ መተው አንባቢውን ያሳስታል። 10 ቮሉም የተባለ ኦ ኦክሲዤኔ 3 በመቶ ገደማ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። በእነዚህ ሁሉ ላይ የመጀመሪያውን አሃድ ከነስሙ አቆይቶ እንግሊዝኛ አንባቢው የሚያውቀውን አሃድ አጠገቡ መጻፍ የተሻለ ነው፤ የመጀመሪያውን ማጥፋት ግን ከምንጩ ጋር ማመሳከርን ይከለክላል።

ፈረንሳይኛው የአሥርዮሽ ክፍሉን በነጠላ ሰረዝ ይለያል፤ እንግሊዝኛው በነጥብ ይለያል፣ ነጠላ ሰረዙን ደግሞ ለሺህ ይጠቀምበታል። በፈረንሳይኛው አንድ፣ ነጠላ ሰረዝና 250 ተብሎ የተጻፈ የግራም መጠን አንድ ግራም ከሩብ ነው፤ ሰረዙ ሳይለወጥ ወደ እንግሊዝኛ ካለፈ ግን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም ሆኖ ይነበባል። ሚሊያር የእንግሊዝኛው ቢሊየን፣ የፈረንሳይኛው ቢሊዮን ደግሞ የእንግሊዝኛው ትሪሊየን ነው። ቁጥሮቹን ከጽሑፉ ጋር አብሮ ማረም በቂ አይደለም፤ ትርጉሙ ካለቀ በኋላ ቃላቱን ትተው ቁጥሮቹን ብቻ ከምንጩ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ።

የቆየ ጽሑፍ ሲገጥም

ጽሑፉ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የተጻፈ ከሆነ ስሙ ብቻ ሳይሆን ቀመሩም ሊያሳስት ይችላል። ማርሴለን ቤርቴሎን የመሰሉ ታላላቅ የፈረንሳይ ኬሚስቶች የአቶም ክብደትን ለመቀበል ለረጅም ጊዜ ባለመፍቀዳቸው፣ ካርቦንን 6፣ ኦክስጅንን 8 አድርገው የሚቆጥሩበት የአቻ ክብደት አጻጻፍ በፈረንሳይ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ ቆይቷል። በዚያ አጻጻፍ አልኮል 4 ካርቦን፣ 6 ሃይድሮጅንና 2 ኦክስጅን አለው ተብሎ ይገኛል። ይህን እንዳለ በዛሬው ዓይን ያነበበ ሰው ሌላ ውህድ ይመስለዋል። ማረጋገጫው ሒሳብ ነው፤ አራት ጊዜ 6፣ ሲደመር 6፣ ሲደመር ሁለት ጊዜ 8 ድምሩ 46 ይሆናል፤ የዛሬው ኤታኖል ደግሞ ሁለት ጊዜ 12፣ ሲደመር 6፣ ሲደመር 16 ያው 46 ነው። ድምሩ ከተስማማ ኬሚካሉ ታውቋል።

በዚያ ዘመን ኤቴር የሚለውም ቃል ሰፊ ነበር። ኤቴር ሴል የዛሬው ኤስተር፣ ኤቴር ኦክሲድ የዛሬው ኢተር ነው፤ ስለዚህ ኤቴር አሴቲክ ኢተር ሳይሆን ኤቲል አሴቴት ነው። አሲድ ፌኒክ ፌኖል፣ ኤስፕሪ ደ ቧ ሜታኖል ነው። ካርቡር ዲድሮዤን የሚለው ካርባይድ ሳይሆን ሃይድሮካርቦን ነው። የቆየ ጽሑፍ ለታሪክ አንባቢ ሲተረጎም በዘመኑ የነበረውን የእንግሊዝኛ ስም መጠቀምና ዘመናዊውን በግርጌ ማስታወሻ ማመልከት ይመረጣል፤ ጽሑፉ ለሥራ ከሆነ ግን ዘመናዊው ስም ብቻ በቂ ነው።

የአደጋ መረጃ ሰነድና መሣሪያዎች

የአውሮፓ ኅብረት የአደጋ መረጃ ሰነድ 16 ክፍሎች አሉት፤ በእነዚህ ውስጥ የሚገኙት የአደጋ ዓረፍተ ነገሮች ተርጓሚው በራሱ አነጋገር ሊተረጉማቸው የሚገቡ አይደሉም። በ2008 የወጣው የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 1272 ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በየቋንቋው የጸደቀ ቃል ስላለው፣ ኮዱን አይቶ የጸደቀውን እንግሊዝኛ መገልበጥ ግዴታ ነው። ለምሳሌ ኤች 224፣ ኤች 225 እና ኤች 226 ተቀጣጣይ ፈሳሾችን በሦስት ደረጃ ይለያሉ፤ ፈረንሳይኛው በመካከለኛው ደረጃ ላይ ትሬ አንፍላማብል ሲል የጸደቀው እንግሊዝኛ ሃይሊ ፍላመብል ነው፤ ቬሪ የሚለው ቃል ተመሳሳይ ቢመስልም አይገባም። የፈረንሳይኛው አንፍላማብል የሚቀጣጠል፣ ኢኒንፍላማብል የማይቀጣጠል ማለት ነው፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ኢንፍላመብል የሚለውን ቃል አንባቢ የማይቀጣጠል ብሎ እንዳይረዳው ከማስጠንቀቂያ ጽሑፎች ላይ አስወግዶ ፍላመብል በሚለው ተክቶታል። ይህን ቃል የሚያነበው ሰው በርሜሉን የሚያራግፈው ሠራተኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ከዚህ በላይ ጥንቃቄ የሚገባው ቦታ የለም።

ኬሚካሉን በእርግጠኝነት ለመለየት ለእያንዳንዱ ኬሚካል የተሰጠው የካስ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ከሁሉ ይበልጣል፤ በማናቸውም ቋንቋ አይለወጥምና። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 1310-73-2፣ ሶዲየም ካርቦኔት 497-19-8 ነው፤ ሱድ የሚለው ቃል ሲያወላውልዎ የትኛው እንደሆነ ቁጥሩ ይነግርዎታል። የመጨረሻዋ አሃዝ መቆጣጠሪያ ናት። በመጀመሪያው ቁጥር ከእሷ በፊት ያሉትን አሃዞች ከቀኝ ወደ ግራ በ1፣ በ2፣ በ3 እያሉ ቢያባዟቸው 3፣ 14፣ 0፣ 4፣ 15 እና 6 ያገኛሉ፤ ድምሩ 42 ስለሆነ የመጨረሻው አሃዝ 2 መሆኑ ቁጥሩ ሲገለበጥ እንዳልተሳሳተ ያሳያል።

ከመዝገበ ቃላት ይልቅ የቃላት ቋቶች ይጠቅማሉ። የአውሮፓ ኅብረት ያቴ፣ የካናዳ መንግሥት ቴርሚዮም ፕሉስና የኬቤክ ትልቁ የሙያ ቃላት መዝገብ በነጻ ይገኛሉ፤ ለቃላት ፍቺ በ1919 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የኬሚስትሪ ኅብረት አዩፓክ ያዘጋጀው ወርቃማው መጽሐፍ፣ ለውህዶች ስም ደግሞ ሰማያዊውና ቀዩ መጻሕፍቱ የመጨረሻ ዳኛ ናቸው። በቋት ውስጥ ያገኙትን ቃል ሳይመረምሩ አይውሰዱ፤ በዚያው ዘርፍ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ኬሚስቶች የተጻፈ ጽሑፍ ፈልገው ቃሉ በዚያ ትርጉም መነገሩን ያረጋግጡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኬሚካሉ ካልታወቀ አይገምቱ። የፈረንሳይኛውን ቃል፣ የሚገኝበትን ገጽ፣ ሊሆኑ ይችላሉ ያሏቸውን ሁለት ወይም ሦስት ኬሚካሎች ከነካስ ቁጥራቸው በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አስፍረው ሥራውን ለሰጠዎት አካል ይላኩ፤ የሚላከውም ትርጉሙ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ ኬሚስቱ ጠርሙሱን ወይም ቀመሩን አይቶ መልስ ለመስጠት ጊዜ በሚያገኝበት ወቅት ይሁን።